ክፉውን ሰው መጥላት ያቃታችሁ ልብ ወለድ የትኛው ነው?

ተረኛዋ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አሁን በእጄ ያለው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መሳቅ ይቻላል። ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ እስከ ቅርቡ የቴሌቪዥን ድራማ ድረስ ታሪኩን ያልሰማ የለም፤ የእኔም ጆሮ ጠግቦታል። መጽሐፉን ራሱን ገልጬ ማንበብ የጀመርኩት ግን በዚህ ክረምት ነው። የምሠራበት ፋርማሲ የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው ስለማይበዛ፣ ለወፍራም መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኘሁም።

ጥያቄዬ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አይደለም። ስለ እነሱ በቂ ተለቅሷል፤ በዛብህ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ላይ ያሰለቸኛል። እኔን ሰቅዘው የያዙኝ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። አያቴ አርሲ ውስጥ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ የወጣበትን ዕለት ከልጆቻቸው የልደት ቀን አብልጠው ያስታውሱ እንደነበር አባቴ ይነግረናል። እንግዲህ የእሳቸው ልጅ ልጅ ሆኜ ፊታውራሪን አምርሬ ልጠላቸው ይገባ ነበር። አልሆነልኝም። ዘራቸውን ሲቆጥሩ ውለው ለልጃቸው የሚመጥን ባል ከአገሩ ሁሉ ሲያጡ እስቃለሁ። ከልማድ ውጭ አንገብርም ያላቸውን ገበሬ ሊቀጡ ሲነሡ ቁጣቸው ያስፈራኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያስቀኛል። የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው ሲማርካቸው እልል ማለት ሲገባኝ ሆዴ ባባ። ማዘኔ ደግሞ አናደደኝ።

ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል። ፊታውራሪ ግፍ እየሠራሁ ነው ብለው አያስቡም፤ እግዚአብሔር የሠራውን ዓለም ከመፍረስ እየጠበቁ ነው የሚመስላቸው። ሥርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሣ ትክክል ነው፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ትክክል የሆነ ሰው ረጅም ንግግር ሲያደርግ እኔ እንቅልፌ ይመጣል። የተሳሳቱት ፊታውራሪ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እነቃለሁ።

እናም ንገሩኝ፦ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ሌላ የአማርኛ ልብ ወለድ አለ? የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አንብቤዋለሁ። እዚያ ውስጥ ክፉው የኤርትራው ዘመቻ ራሱ ነው እንጂ እንደ ፊታውራሪ ያለ አንድ ሰው አላገኘሁም። የሕይወት ስኬት ምክር የሚሰጡ መጻሕፍት እንዳትጠቁሙኝ፤ እነሱን የሚሸጡ ልጆች በየታክሲው መስኮት ያመጡልኛል።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ጉዱ ካሣ ያልሽው ግን ደስ አላለኝም። መጽሐፉን ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ። ተማሪዎቼም እንዳንቺ በጉዱ ካሣ ንግግር ያዛጉ ነበር፤ መጨረሻው ሲደርስ ግን አንድም የሚያዛጋ አልነበረም። ስለዚህ ጨርሰሽ ፍረጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአያትሽ ኑሮና የፊታውራሪ ገበሬዎች ኑሮ አንድ አልነበረም። ታሪኩ በሚፈጸምበት በጎጃም አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበር፤ መሬቱ በዘር የወረደለት፣ ለባለጉልቱ (ግብር የመብላት መብት ለተሰጠው ጌታ) ግን የሚገብር። አርሲ ውስጥ ብዙው አራሽ መሬቱ የሌላ ሆኖ የእኩል ወይም የሲሶ የሚያርስ ነበር። ርስተኛ ገበሬ ግብሩን ላይወድደው ይችላል፤ ልማድ እስከሆነ ድረስ ግን ይከፍላል። ከልማድ ያለፈ ሲጠየቅ «ርስቴን ሊነኩት ነው» ብሎ ይነሣል። የአበጀ በለው ሰዎች ድፍረት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ አመፀ፤ ሞጣና ደጋ ዳሞት ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። ደራሲው ነቢይ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ያደጉበትን አገር ያውቁት ነበር።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ከሀዲስ ሳትወጪ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን (1974) ያዢ፤ ከዚያ «የልምዣት»ን (1980)። የመጀመሪያው ልብ ወለዳቸው እነዚህን ሁለቱን ጋርዷቸዋል፤ ያሳዝናል።

ከፖቶማክ ማዶ (ቨርጂኒያ)

ተረኛዋ፣ የጠየቅሽው የአማርኛ ቢሆንም ሕግሽን ልጥስ። ዳኛቸው ወርቁ በቀጥታ በእንግሊዝኛ የጻፈው፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሀይነማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ ሥር የታተመ «አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ» የሚሉት መጽሐፍ አለ። እዚያም አንድ ፊታውራሪ አለልሽ። ፊታውራሪ ወልዱ በጠና ታመው፣ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ ይወሰዳሉ። አብረዋቸው ልጆቻቸው ጎይቶም እና ወይኒቱ አሉ። ያንቺ ፊታውራሪ ዓለሙ ገና በእጁ ያለ ሰው ነው፤ ይኼኛው ግን ዓለሙም ሰውነቱም አብረው እየከዱት ነው። ጎይቶም አባቱን አይወድም፣ ሊተወውም አይችልም። እኔ በሥራ መመላለሻ ባቡር ላይ ሳነብበው መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ።

የዚሁ ደራሲ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ በአማርኛ ነው። ከባድ ነው ይሉታል፤ እውነት ነው። በዓይን ብቻ አትሂጂበት፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ሰዎቹ ሲከራከሩ የሰሜን ሸዋ አነጋገር በጆሮ ሲሰማ ዓረፍተ ነገሩ ይፈታል። እዚያ ያሉትን ወይዘሮ አሰጋሽን ትወጃቸዋለሽ ወይም ትፈሪያቸዋለሽ፤ ምናልባት ሁለቱንም።

በነገራችን ላይ «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። አማርኛ ማንበብ ለማይችሉት ልጆቼ ገዛሁላቸው። ትልቋ ጨርሳ «ደራሲው የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ እንደተሰበሰበ፣ በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ እንደቀረ ነገርኳት። ከዚያ በላይ የምላት አልነበረኝም።

ገጽ አጣፊው (አዲስ አበባ)

እኔ ግን የፊታውራሪዎች ነገር ሰለቸኝ። የሌሉ ሰዎች ናቸውና ለእነሱ ማዘን ቀላል ነው፤ ማንም ፊታውራሪ ነገ ጠዋት መጥቶ ግብር አይጠይቀንም። የሚከብደው ለዛሬው ሰው ማዘን ነው።

«ከአድማስ ባሻገር»ን ያዢ፤ የበዓሉ ግርማ፣ እሱም 1962። አበራ ወርቁ የተማረ፣ ደመወዝተኛ፣ ሰዓሊ ልሁን እያለ የሚባክን ሰው ነው። ማንንም አይገርፍም፣ ማንንም አያስገብርም። በዙሪያው ያሉትን የሚጎዳው ቁርጥ ያለ ነገር መወሰን ስለሚያቅተው ነው። እኔ ከፊታውራሪ መሸሻ ይልቅ አበራን ጠልቼዋለሁ፤ ቢሮ ስገባ ደግሞ ከእሱ የማይለይ ሃያ ሰው ተደርድሮ አገኛለሁ። እኔን ሳይጨምር።

ተረኛዋ (አዳማ)

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የርስተኛውና የጭሰኛው ልዩነት ብዙ ነገር አበራልኝ፤ አያቴ መጽሐፉን ሳያነቡ «የጎጃም ሰው መሬቱ ላይ ቆሞ ይቆጣል» ይሉ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። ስለ ጉዱ ካሣ ግን እስክጨርስም ቢሆን አቋሜን የምቀይር አይመስለኝም። ትክክል መሆኑን አምናለሁ፤ ማዛጋቴንም አልተውም።

ገጽ አጣፊው፣ ፊታውራሪ የሉም ያልከው አልተዋጠልኝም። ማዕረጉ የለም እንጂ ሰውየው አለ። የሌሊት ተራ ላይ ወረፋ ጥሶ «እኔን ታውቂኛለሽ?» የሚለኝ ደንበኛ መድኃኒቱን ከፍሎ እስኪወጣ ድረስ ፊታውራሪ መሸሻ ነው። አበራ ወርቁን ግን አነብበዋለሁ፤ እዚህ አንድ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ጋ አይቼዋለሁ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ።

ከፖቶማክ ማዶ፣ የዝቋላው ፊታውራሪ አጓጉቶኛል። ወጥመዱ እንግሊዝኛው ነው፤ ከመድኃኒት መመሪያ ወረቀት ውጭ በእንግሊዝኛ ካነበብኩ ቆይቻለሁ። ይሁንና «አደፍርስ»ን ጮክ ብሎ ማንበብ የሚለው ምክር ፋርማሲ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን እንጃ፤ የጥበቃው ጋሼ ምን እንደሚሉ ከወዲሁ ይታየኛል።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ለጥበቃው አንብቢላቸው። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ «የልምዣት»ን ደግሜ ማንበብ ፈልጌ የእኔ ቅጂ ፊደሉ ለዓይኔ እምቢ አለ። ፊደሉ ጎላ ብሎ የታተመ እትም ያየ ሰው ካለ፣ የት እንዳየው ይጻፍልኝ።