ከአንቲባዮቲክ በኋላ አንጀቴ አልተስተካከለም፤ ቡቲሬት ሠሪ ባክቴሪያዎችን በምን ልመልስ?

ጠያቂ፣ ባሕር ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘልኝን አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ከኦሜፕራዞል ጋር ወስጄ ጨርሻለሁ። የጨጓራው ማቃጠል ለቆኛል፤ አንጀቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም የለውም። አንድ ቀን ይደርቃል፣ በማግስቱ ይላላል። ማታ ሽሮ ከበላሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ቡቲሬት የሚባለውን፣ የአንጀት ሕዋሳትን የሚመግበውን አጭር የስብ አሲድ ስለሚሠሩ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሰሞኑን አነበብኩ። ባክቴሪያዎቹ ፋርማሲ ይሸጣሉ? ቅቤ ውስጥ ቡቲሬት አለ ስለሚባል ቅቤ ላብዛ? ጥራጥሬስ እስክድን ልተው?

እናት ከሽምብጥ
ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። በጠዋት ለጋ ቅቤ በባዶ ሆድህ ዋጥ አድርግ። ተልባም ዘፍዝፈህ ጠጣ። ሽሮውን ለጊዜው እርሳው፤ የታመመ ሆድ በሽሮ አይፈተንም።

የምግብ ጥናት ተማሪ፣ ፔዳ ግቢ
እማማ፣ በተልባው እስማማለሁ፤ በቅቤው ላይ ግን ይፍቀዱልኝና ልከራከር። ቅቤ ቡቲሪክ አሲድ (ያው ቡቲሬት ማለት ነው) አለው፤ ከስቡ ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል። ይሁን እንጂ ላይኛው አንጀት ላይ ተፈጭቶ ተመጥጦ ያልቃል፤ ቡቲሬት የሚፈለገው ደግሞ ታች፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። የትልቁን አንጀት ግድግዳ የሸፈኑት ሕዋሳት ከጉልበታቸው 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከቡቲሬት ነው። የሚሠሩላቸውም እዚያው አጠገባቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ሕዋሳቱ ቡቲሬቱን ሲያቃጥሉ በዙሪያቸው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ኦክስጅን የሚጎዳቸው ባክቴሪያዎችም በዚህ ምክንያት ተመችቷቸው ይኖራሉ። አንቲባዮቲክ የሚያናጋው ይህን ጉርብትና ነው።

ከቡቲሬት ሠሪዎቹ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ፌካሊባክቴሪየም ፕራውስኒትዚ እና ሮዝቡሪያ ናቸው። የመጀመሪያው ክሮን የሚባለው የአንጀት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ተመናምኖ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። መመናመኑ በሽታውን ያመጣው ይሁን በሽታው ያመናመነው መለየት ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ባክቴሪያ ነጥሎ ፈውስ ነው የሚልህን ሻጭ አትመን። ፋርማሲ ውስጥ የሚገኙት ፕሮባዮቲኮች (ሕያው ጠቃሚ ተሕዋስያን የያዙ እንክብሎች) በአብዛኛው ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም ናቸው። እነዚህ ራሳቸው ቡቲሬት አይሠሩም፤ ሆኖም የሚያመነጩት ላክቴትና አሲቴት የሚባል አሲድ ለቡቲሬት ሠሪዎቹ ቀለብ ይሆናል።

ዋናው ነገር የተረፉትን መመገብ ነው። ምግባቸው እኛ ሳንፈጨው ወደ ታች የሚወርደው አሰርና ስታርች ነው፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ቀይ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ያልበሰለ ሙዝ፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች። ጤፍ ቅንጣቷ ትንሽ ስለሆነች ከነገለባዋ ትፈጫለች፤ ነጭ የስንዴ ዱቄት ይህ ጸጋ የለውም። ስለዚህ ሽሮን መተው ባክቴሪያዎቹን ማስራብ ነው። መጠኑን ቀንስ እንጂ አታቋርጥ፤ በሁለትና በሦስት ማንኪያ ጀምረህ ሆድህ ሲለምድ ጨምር። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ውኃውን ድፋው፤ ጋዝ ከሚፈጥረው ስኳር የተወሰነው አብሮ ይሄዳል።

ነርስ፣ አባይ ማዶ
ስለ ቡቲሬት ከመጨነቅህ በፊት ሰገራህን አስመርምር። መነፋትና መላላት ጃርዲያም ያመጣዋል፤ የሐይቅ ወይም የጉድጓድ ውኃ ሳያፈሉ የሚጠጣ ሰው ይህን መጠርጠር አለበት። ውጤቱ ሳይታወቅ ሜትሮኒዳዞል ገዝተህ እንዳትውጥ። መድኃኒቱ አሜባንና ጃርዲያን ብቻ ሳይሆን ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል፤ አሁን መመለስ የምትፈልጋቸውም ከዚያው ወገን ናቸው። በቀን 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ውኃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ደም ካየህ ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ክሎስትሪዲዮይዴስ ዲፊሲሌ የሚባል አደገኛ ተሕዋስ ቦታውን ሊይዝ ይችላል። ያለ ምክንያት መክሳትም ችላ አይባልም።

ባለ ጓሮ ከዘጌ
ወንድሜ፣ እኔ ድንቹን ማታ ከነልጣጩ ቀቅዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ቆራርጬ በሎሚ፣ በቃሪያና በጥቂት የኑግ ዘይት ለውሼ በዳጉሳ እንጀራ እበላለሁ። ልጆቼ ቀዝቃዛ ድንች የድሃ ቁርስ ነው ብለው ይስቁብኛል፤ ሰሃኑን ባዶ የሚያደርጉት ግን እነርሱው ናቸው።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ ቅቤውን ለዶሮ ወጥ አቆየዋለሁ፤ አይቀየሙኝ። ምርመራውን ነገ አደርጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ድንቹን መልሼ ባሞቀው ጥቅሙ ይጠፋል?

የምግብ ጥናት ተማሪ፣ ፔዳ ግቢ
የተወሰነው ይቀንሳል፣ ሁሉም ግን አይጠፋም። ለብ አድርገህ ብላ። እስከ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ በባሕር ዳር ሙቀት ውጭ ያደረ ድንች ሌላ የሆድ ሕመም ይዞ ይመጣል።

እናት ከሽምብጥ
ተልባውን አትርሳ። ቆልተህ ወቅጠህ፣ ውኃ በደንብ ጨምረህበት።