ባለ 4 ሎድ ሴል የአሳ ሚዛን፦ ጥግ ላይ ሌላ፣ መሃል ላይ ሌላ ኪሎ

ታንኳ22
ሰላም ጓዶች፣ ባህር ዳር ነኝ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት ከታንኳና ከጀልባ አሳ ተረክቦ ለሆቴሎች ያቀርባል፣ የድሮ ሚዛኑ ስለተበላሸ እኔ ልስራልህ ብዬ ገባሁበት። 4 ባለ 50 ኪሎ ሎድ ሴል (ጭነትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው፣ ጠፍጣፋው፣ ባለ 3 ሽቦው)፣ አንድ ኤችኤክስ711 (የሴሎቹን ትንሽ ምልክት አጉልቶ ቁጥር የሚያደርግ ሞጁል)፣ አርዱዊኖ ኡኖ (ኮዱን የሚያሄደው ትንሽ ቦርድ)፣ ከላይ ላሜራ፣ ንባቡ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ይመዘገባል። ካሊብሬሽን ፋክተሩ (ንባቡን ወደ ኪሎ የሚቀይረው ቁጥር) አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያንኑ አንድ ሳጥን ቆረሶ መሃል ላይ ሳስቀምጠውና ጥግ ላይ ሳስቀምጠው የተለያየ ኪሎ ይሰጠኛል፣ ደሞ ጠዋት ዜሮ ያልኩት ሚዛን ከሰዓት ምንም ሳይጫንበት ቁጥር ይዞ ይጠብቀኛል፣ አምባዛ ሲሆንማ ተዉት፣ አሳው ገና ስላልሞተ ይራገጣል ቁጥሩም አብሮት ይጨፍራል። ሎድ ሴሉ ነው ወይስ ኮዱ?

ብየዳ_ቤት
ሁለቱም ደህና ይመስሉኛል ወንድሜ። መጀመሪያ ጎንበስ በልና ከስር እየው። ያ ሴል መሃሉ ላይ ያለው ምላስ መታጠፍ መቻል አለበት፣ የሚለካው መታጠፉን ነውና፣ ብዙ ሰው ግን ጠቅላላውን ጣውላ ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል ከዛ ምላሱ የት ይሂድ? ዙሪያው ብቻ ይረፍ፣ ከመሃሉ ስር ክፍተት ይኑር። ላሜራህ ስስ ከሆነ ደሞ ሲጫን ይለምጥና ጭነቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ከስሩ በአንግል ብረት አጠንክረው። 4ቱም እግር እኩል መርገጡን እይ፣ ያልረገጠው ስራ ፈቶ ነው የሚውለው።

ሽቦውን በመልቲሜትር ሁለት ሁለት እያረክ ለካ። ወደ 2 ኪሎ ኦም የሚያሳይህ ጥንድ ዳርና ዳር ነው፣ የቀረው የመሃል ነው። ሻጩ ስለ ቀለም የሚልህን አትመን፣ ካንዱ እቃ ወደ ሌላው ይለያያል፣ አብረው የመጡት 4ቱ ግን እርስ በርስ አንድ አይነት ናቸው። የዳር ሽቦዎቹን ከጎረቤት ሴል ጋር ቀለም በቀለም እያገናኘህ ዙሪያውን ቀለበት ታረጋቸዋለህ፣ ከዛ የመሃል ሽቦዎቹ፣ ሰያፍ ለሰያፍ ያሉት 2ቱ ሞጁሉ ላይ ወዳሉት ኢ ፕላስና ኢ ማይነስ (ለሴሎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት)፣ የቀሩት 2ቱ ወደ ኤ ፕላስና ኤ ማይነስ (ምልክቱን የሚቀበሉት)። አንዱ ሴል ተገልብጦ ከሆነ ያ ጥግ ሲጫን ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በሱ ትለየዋለህ።

የላቧ_ልጅ
እሱን ሳትጨርስ ካሊብሬሽን እንዳትነካ። የቪዲዮውን ፋክተር ደሞ ጣለው፣ የሰውየው ሴል፣ የሰውየው ሞጁል፣ የሰውየው ጣውላ ፋክተር ነው፣ አንተ ጋ ምን ይሰራል። እነዚህ ሴሎች ሙሉ ጭነት ላይ በ1 ቮልት 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው የሚያወጡት፣ 5 ቮልት ብታበላቸው 200 ኪሎ ተጭኖ 5 ሚሊቮልት፣ ለ1 ኪሎ 25 ማይክሮቮልት ማለት ነው። እዚህ ላይ የላላ ብየዳና የአሳ ውሃ የገባበት ተርሚናል ምን እንደሚያደርግ አስበው። ሞጁሉን ውሃ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ክተተው።

ከዛ አብራውና ሩብ ሰዓት ግድም ይቆይ። ባዶውን መዝግብ፣ ኪሎ ሳይሆን ሮው ካውንቱን (ሞጁሉ የሚሰጠውን ጥሬ ቁጥር)። የሚታወቅ ክብደት እየጨመርክ እስከምትመዝነው ትልቁ ድረስ ውጣ፣ መልሰህ እየቀነስክ ውረድ፣ ሁሉንም ኤክሴል ላይ አስገብተህ ስሎፑን (ለ1 ኪሎ ስንት ካውንት እንደሚጨምር) አውጣ፣ ፋክተርህ እሱ ነው። ስትወርድ የምታገኘው ስትወጣ ካገኘኸው ከራቀ የሆነ ቦታ የሚፋተግ ነገር አለ። የሚዛን ብረት የሚያውስህ ካጣህ ውሃም ይሆናል፣ 1 ሊትር በ25 ዲግሪ 0.997 ኪሎ ነው፣ ግን ባለ 20 የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ያልፋልና በመስፈሪያ እየሰፈርክ ሙላው፣ የጀሪካኑንም ክብደት ደምር።

ሌላ ደሞ፣ ከጎረቤት ዲጂታል ሚዛን ጋር እያስተያየህ እንዳታስተካክል። ሎድ ሴል የሚለካው ኃይል ነው፣ ባህር ዳር ደሞ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ለምድር ወገብም ቅርብ ነው፣ ስበቱ ወደ 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይወርዳል። አውሮፓ በ9.81 ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ ካልተስተካከለ 100 ኪሎውን 99.7 ይልሃል። እዚሁ በሚታወቅ ክብደት ካስተካከልክ ግን ይሄ ጉዳይ አይነካህም።

ከሰዓት ዜሮው የሚሸሸው ደሞ በፀሐይ ነው። ላሜራው ሲግል ሴሎቹም ይግላሉ፣ ጥላ ስር አድርገው፣ ከመጫንህ በፊት ሁሌ ዜሮ በል። ለአምባዛው ኤችኤክስ711ን በሰከንድ 10 ንባብ ላይ ተወው፣ 80 ላይ ኖይዙ (የቁጥሩ መዋዠቅ) ይበዛል፣ በ10 ደሞ የመብራቱን 50 ኸርዝ ያጣራልሃል። የ3 ሰከንዱን ንባብ ሰብስበህ ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ውሰድ፣ አቬሬጅ አይደለም፣ አንድ ጊዜ በጅራቱ ሲመታው አቬሬጁን ይዞት ይሄዳል።

ነጋዴው
ዝም ብለህ ተሰርቶ ያለቀ ብትገዛለትስ 😂 ለማንኛውም ለሽያጭ የሚውል ሚዛን መመርመር አለበት፣ ደንበኛ ከመጣላቱ በፊት አስመርምረው።

ታንኳ22
እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ ብየዳ ቤትም ተባረክ። በውሃ መንገድ ነች ቁጥሩ መስመር የያዘው። የአንዱ ጥግ ምላስ ሙጫ ይዞት ነበር፣ ፈልፍዬ ሳስለቅቀው 4ቱም ጥግ ተቀራረበ። አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፣ ዜሮውን ኮዱ ራሱ እንዲያደርገው ባደርግስ? አጎቴ በተን መጫን ይረሳል።

የላቧ_ልጅ
ይቻላል፣ ግን ገደብ አብጅለት። ንባቡ ከዜሮ ብዙም ሳይርቅ፣ 200 ግራም በለው፣ ለጥቂት ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ሲረጋ ብቻ ዜሮ ያድርግ። ገደብ ከሌለው አንድ ሳጥን ተረስቶ ሲያድር ሳጥኑን ዜሮ ብሎ ይነሳና ጠዋት ሳጥኑን ስታነሳው ኔጌቲቭ ያሳይሃል። ያረገውን ዜሮም ከነሰዓቱ ሎጉ ላይ ይጻፈው፣ ቀን በቀን ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሄድ ከሆነ ውሃ የገባበት ሴል ይኖራል።