«ባቡር ማሳፈር ሽርሽር አይባልም» ለሚሉ

የሦስት ልጆች አባት፦ ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬድዮ ተከፍቶ አንዱ እንግዳ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲያወራ ሰማሁት። ልጁን በወር አንዴ እንኳን ደህና ቦታ ወስዶ ማዝናናት የማይችል ሰው ከመውለዱ በፊት ያስብበት አለ። አዘጋጇ «አቅም የሌለውስ? ባቡርም ቢሆን አሳፍሮ ያዞራቸዋል እኮ» ስትለው «ባቡር ማሳፈር ሽርሽር አይባልም» ብሎ ዘጋት። ከዛ ሰዓት ጀምሮ አንጀቴ እርር እንዳለ ነው። እኔ ልጆቼን በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ወስጄ በዛው ባቡር እመልሳቸዋለሁ፣ ትንሹ አፍንጫውን መስኮቱ ላይ ደፍጥጦ ነው የሚሄደው፣ ስታዲየም ጋ ድልድዩ ላይ ስንወጣ «አባ በረርን!» ብሎ ይጮሃል ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ይሄ ሽርሽር ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ጎፋ ኮንዶ፦ ትራንስፖርት ይባላል ወንድሜ። አነጋገሩ ያስከፋል እሺ፣ ሀሳቡ ግን ውሸት የለውም። ተጋፍቶ፣ ቦርሳ ጠብቆ፣ ቆሞ መሄድ ልጅን ምኑን ያዝናናዋል? የኔ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ሰኞ ሰኞ ጓደኞቿ እንጦጦ ፓርክ ሄድን፣ አንድነት ፓርክ ሄድን፣ ፈረስ ጋለብን ሲሉ እሷ ዝም ብላ ነው የምትውለው። ማታ «እኛ የት ነበርን ልበላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እስቲ መልሱልኝ።

የመንትዮቹ እናት፦ ሙዚየም ነበርን በያቸው! እኔ መንትዮቼን አምስት ዓመታቸው ላይ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኳቸው። ወንዱ የድንቅነሽ አጥንት ፊት ቆሞ መዳፉን አናቱ ላይ አድርጎ ተለካካ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከምናምን ነው እኮ፣ «እማ እኔን ታክላለች!» አለ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት አለፋት ስለው «እና እናቷ የት አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ይሄው ሁለት ዓመት ሆነው እናቷን እስካሁን ይጠይቀኛል። ጋልቦ ከሚወርደው ፈረስ ይሄ አይበልጥም?

ጎፋ ኮንዶ፦ የኔ እህት ሙዚየም አንዴ ነው፣ በየሳምንቱ ድንቅነሽ ጋ ልወስዳት ነው? ደግሞ ከጎፋ አምስት ኪሎ ደርሶ መልስ የሦስት ሰው ታክሲ አለ፣ ውሃ አለ፣ ብስኩት አለ። «ነጻ ነው» የምትሉት ነገር ሁሉ ቤት እስክንደርስ ነጻ አይደለም።

የሦስት ልጆች አባት፦ አንቺ አሁንም «ትራንስፖርት» ያልሽው ላይ ነኝ እኔ። ልጅ የሚሄድበትን አይደለም የሚያስታውሰው፣ ከማን ጋር እንደሄደ ነው። እኔን አባቴ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የወሰደኝ በሕይወቴ አንዴ ነው። አንበሳው ተኝቶ ነበር፣ ጎፈሩ ጥቁር እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል። የአባቴ እጅ ግን እስከዛሬ እጄ ላይ አለ፣ ቆሎ ገዝቶልን ሞቅ ያለ ነበር። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ።

መርካቶ ያለሁት፦ ነፍስ ይማር። ግን ሁላችሁም ስለ እሁድ ነው የምታወሩት፣ እሁድ የሌለንስ? እኔ እሁድም ሱቅ ነኝ፣ ስገባ ተኝተዋል ስወጣም ተኝተዋል። ጉዳዩ ፓርክም ባቡርም አይደለም ጊዜ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እውነቱን መርካቶ ያለው ተናገረ። እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነኝ፣ ከቤቴ አምስት ደቂቃ በእግር ሣሩ የታጨደ ፓርክ አለ፣ ዥዋዥዌው አለ፣ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። ልጄን የወሰድኩበት ቀን ግን በጣት ይቆጠራል፣ ደብል ሺፍት ነው የምሠራው፣ ልጁ በታብሌት ነው ያደገው። ባቡሩን አትናቁት።

ጎፋ ኮንዶ፦ ማንም አልናቀም! ሽርሽር አይባልም ነው ያልኩት። ፓርኩ ከደጅሽ ሆኖ ባቡሩ ይበቃችኋል ትይኛለሽ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይበቃችኋል አልወጣኝም። ቃሌን አታዙሪው።

የመንትዮቹ እናት፦ የሦስት ልጆች አባት አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እናታቸውስ አብራችሁ ነው የምትሄደው?

የሦስት ልጆች አባት፦ እሷ ትረፍ ብዬ እኮ ነው ልጆቹን ይዤ የምወጣው።

የመንትዮቹ እናት፦ ትረፍ? ስትመለሱ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ፣ ምሳ ቀርቦ አይደል የምታገኙት? አንድ ቀን ልብሱን አንተ እጠብና እሷ ድልድዩ ላይ «በረርን» ሲል ትስማው።

የሦስት ልጆች አባት፦ የቤቴን ሁኔታ ሳታውቂ አትፍረጂ። አስቤዛውንም ምሳውንም ቅዳሜ እኔ ነኝ የማደርገው።

የመንትዮቹ እናት፦ እኔ የጠየቅኩህ ስለ እሁድ ነው።

አያት ጨፌ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የኮሪደር ልማቱ ከተሠራ ወዲህ እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ የሳይክል መስመር አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ማታ መብራት ነው፣ ልጅ ይዞ መውጣት ቀሏል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ አራት ኪሎ፣ ከ2014 ጀምሮ ተከፍቶ በነጻ ነው የሚገባው፣ ልጆች ቁጭ ብለው ያነባሉ። የሌለን ቦታ ሳይሆን መነሳት ነው።

ጎፋ ኮንዶ፦ መነሳት? እኛ ሰፈር ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር፣ አሁን መኪና ነው የቆመበት። ልጄ በር ላይ ስትጫወት ፍሬን ሲጢጥ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሁድ መንገድ ሲዘጋ እኔም ልጄን አዝዬ ወጥቼ ነበር፣ አስፋልቱ መሃል ልጆች ሲንደባለሉ አይቼ አልቅሻለሁ በደስታ። እንደዛ በየሰፈሩ በየሳምንቱ ይዘጋልን፣ ያኔ ሽርሽር ነው እላለሁ፣ አሁን ግን አልልም።

የሦስት ልጆች አባት፦ እስኪዘጋልሽ ልጅቷ ታድጋለች እኮ እህቴ።

ጎፋ ኮንዶ፦ እሱን እኔም አውቀዋለሁ። ማታ ማታ የሚያስተኛኝ አጣሁ እኮ።

መርካቶ ያለሁት፦ እሁድ ጠዋት ባቡሩ ስንት ሰዓት ይጀምራል? ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ከላጋር አንድ ዙር ካደረስኳቸው ብዬ ነው።