አዲሱ ሳይታችን ጉግል ላይ አይወጣም፣ ዓርብ ምዝገባ ይከፈታል፣ እርዱኝ!

ጥድፊያ_ላይ:
ሰላም ለሁላችሁ። ሳይቱ ባለፈው ሳምንት ተለቋል። ስሙን ጉግል ላይ ስጽፍ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሌሎች ይመጣሉ፣ የኛ የለም። ሳይትማፕ (የገጾቹ አድራሻ የተዘረዘረበት ፋይል) ለጉግል አስገብቻለሁ፣ በአረንጓዴ «ተሳክቷል» ይላል። ዓርብ የስልጠና ምዝገባ እንከፍታለን። አለቃዬ በየሰዓቱ እየደወለ «ወጣ?» ይለኛል። ቶሎ የሚያስገባ ዘዴ የሚያውቅ ካለ በፈጣሪ!!

ድመት404:
አለቃ ዝም የሚያሰኝ ፕለጊን ከተገኘ ለኔም ንገሩኝ።

ሊቀ_ኮድ:
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የፍለጋ ሞተር ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ ገጹን ይጎበኛል፣ ክሮውል የሚሉት ነው። ሁለተኛ ያነበበውን መዝገብ ውስጥ ያስገባል፣ ይህ ኢንዴክስ ነው። ሦስተኛ ሰው ሲፈልግ ማን ይቅደም ማን ይከተል ብሎ ይደረድራል። ሳይትማፕ የሚያግዘው አንደኛውን ብቻ ነው። ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። አንድ ፋይል እስከ 50,000 አድራሻ ይይዛል፣ መጠኑም ሳይጨመቅ ከ50 ሜጋባይት አይበልጥም። «ተሳክቷል» ማለት ፋይሉ ተነበበ ማለት ነው፣ ገጾቹ ገቡ ማለት አይደለም። ጉግል ራሱ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል ይላል። የፍለጋ ሞተሮችን ታሪክ ስናይ ደግሞ...

ድመት404:
ከአዳምና ከሔዋን ልትጀምርልን ነው?

ፈጣን_ዌብ:
ሰርች ኮንሶል ግባ፣ የጉግል የሳይት ባለቤቶች ገጽ ነው። አድራሻውን ከላይ ባለው ሳጥን ለጥፍ። «ኢንዴክስ ይደረግልኝ» የሚለውን ተጫን። አለቀ።

ጥድፊያ_ላይ:
እህት ነኝ፣ ወንድሜ አትበሉኝ። ተጭኛለሁ፣ ደጋግሜ። «ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ብሎ ብዙ ነገር ይጽፋል።

ፈጣን_ዌብ:
ነገም ተጫኚ።

አብሪ_ትል:
ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ያንኑ አድራሻ ደጋግሞ መላክ ነገሩን እንደማያፈጥን ጉግል በግልጽ ጽፏል። እህቴ፣ ያ «ብዙ ነገር» ያልሽው ነው የሚያስፈልገን። ቃል በቃል ገልብጪልን። «ተገኝቷል፣ ገና ኢንዴክስ አልተደረገም» ካለ አድራሻውን ያውቀዋል፣ ግን ገና አልጎበኘውም፣ ትጠብቂያለሽ። «ተጎብኝቷል፣ ኢንዴክስ አልተደረገም» ካለ ገጹን አይቶ አልፎታል፣ ብዙ ጊዜ ይዘቱ ሳስቶ ወይም ከሌላ ገጽ ጋር ተመሳስሎ ነው። ክልከላ የሚል ቃል ካለበት ግን ችግሩ ሳይቱ ውስጥ ነው። ደግሞ በምን ተሠራ? እሱን አልነገርሽንም።

ቆይ_አስረዱኝ:
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለዓርብ ምዝገባ ጉግል ምን ያደርጋል? ዛሬ ቢገባ እንኳ አዲስ ሳይት ነው፣ ስሙም የብዙዎች ነው። ኢንዴክስ መደረግና ከላይ መውጣት ለየቅል ናቸው። ተመዝጋቢዎቻችሁን ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ሊንኩን ላኩላቸው በቃ።

ጥድፊያ_ላይ:
ልከናል። ሰው ሊንክ አይጫንም፣ ማጭበርበሪያ ይመስለዋል። ስሙን ጉግል ላይ ፈልጎ ሲያጣው «እነዚህ ሌቦች ናቸው» ይላል። ሁለት ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎልናል።

ቆይ_አስረዱኝ:
እሱስ እውነት ነው። ተሸነፍኩ።

ኢንዴክስ_በ24ሰዓት:
በውስጥ መስመር አናግሪኝ። ዋስትና አለው። ክፍያ ግማሹ ቀድሞ።

አብሪ_ትል:
እንዳትከፍዪ። ጉግል ሳይት ቶሎ ለመጎብኘት ገንዘብ አይቀበልም። እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ኢንዴክሲንግ ኤፒአይ የሚባለውን፣ ፕሮግራም በቀጥታ ለጉግል አድራሻ የሚልክበትን መንገድ ነው። እሱ ደግሞ የተፈቀደው ለሥራ ማስታወቂያና ለቀጥታ ስርጭት ቪዲዮ ገጾች ብቻ ነው።

የድሮው_ሰው:
በኛ ጊዜ ሳይትማፑን ለጉግል ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም «ና እየው» ብሎ ማሳወቅ ነበር። አንድ አድራሻ ብራውዘር ላይ ትጽፋለህ፣ ያልቃል። ገጹ ኮድ ውስጥ ባለው የቁልፍ ቃላት መስመር፣ ኪዎርድስ ሜታ ላይም ሃያ ሠላሳ ቃል መደርደር።

ሊቀ_ኮድ:
ፒንጉ እንደሚቀር በ2023 ታውጆ ተዘግቷል። ኪዎርድስ ሜታን ደግሞ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 ተናግሯል። ጋሼ፣ ሁለቱም አርጅተዋል።

ጥድፊያ_ላይ:
በዎርድፕረስ (የሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር) ነው የተሠራው። ዴቨሎፐሩ አስረክቦን ስልክ አያነሳም። ኮንሶሉ እንዲህ ይላል፦ «ኢንዴክስ ማድረግ ይፈቀዳል? አይ፤ በሮቦትስ ሜታ ታግ ውስጥ ኖኢንዴክስ ተገኝቷል»።

አብሪ_ትል:
ይኸው! ኖኢንዴክስ ማለት «መዝገብ ውስጥ አታስገቡኝ» ማለት ነው። በሩን ዘግታችሁ እንግዳ እየጠራችሁ ነው። ዎርድፕረስ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ሪዲንግ የሚለውን ክፈቺ። ገጹ መጨረሻ አካባቢ የፍለጋ ሞተሮች ሳይቱን ኢንዴክስ እንዳያደርጉ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ሳይት እየተሠራ ሳለ ቲክ ይደረግና ሲረከቡ ይረሳል። ቲኩን አንሺና ሴቭ አድርጊ።

ሊቀ_ኮድ:
አንድ ነገር ልጨምር። ሮቦትስ የሚባለውን ፋይል በንዴት እንዳትነኪ። ሰው ሁለቱን ያምታታል። ፋይሉ የሚከለክለው መጎብኘትን ነው፣ ኖኢንዴክስ ግን ገጹ ውስጥ ያለ መልእክት ነው። በፋይሉ ከከለከልሽ ጉግል ገጹን ስለማያነብ ኖኢንዴክሱ መነሳቱንም አያውቅም። ዎርድፕረስም ቢሆን ከ5.3 በፊት በዚሁ ሳጥን የሚከለክለው በፋይሉ ነበር፣ በ2019 ነው ወደ ኖኢንዴክስ የዞረው።

ድመት404:
ሊቀ ሊቃውንት፣ ይቺን መጀመሪያ ብትላት ኖሮ!

ጥድፊያ_ላይ:
ቲኩን አነሳሁት። ኮንሶሉ ላይ ላይቭ ቴስት (ገጹን አሁን ባለበት ሁኔታ የሚፈትሸውን) አደረግኩ። አሁንም ኖኢንዴክስ ይላል!! ላብድ ነው።

ፈጣን_ዌብ:
«ኢንዴክስ ይደረግልኝ» የሚለውን ተጫኚ።

ድመት404:
ሰውዬው ቁልፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ሌሊት_ሠራተኛ:
የካሽ፣ ማለትም ለፍጥነት ተብሎ የተቀመጠ የገጹ ቅጂ ነገር ይመስለኛል። እንዲህ አጣሪ። ሳይቱን በኢንኮግኒቶ ክፈቺ፣ ሎግኢን ሳታደርጊ። ኮንትሮልና ዩ ስትጫኚ የገጹ ኮድ ይመጣል። ከዚያ ኮንትሮልና ኤፍ፣ ኖኢንዴክስ ብለሽ ፈልጊ። ካለ፣ ከላይ ሄድ በሚባለው ክፍል ውስጥ «ሜታ ኔም ሮቦትስ» ብሎ የሚጀምር አንድ አጭር መስመር ነው፣ «ኖኢንዴክስ፣ ኖፎሎው» ብሎ ያልቃል። ያንኑ ደግሞ ሎግኢን አድርገሽ እዪው። ሎግኢን ላደረገ ሰው ብዙ ጊዜ አዲሱ ገጽ ነው የሚመጣው፣ ለጉግል ግን ካሹ አሮጌውን ቅጂ እያቀረበለት ሊሆን ይችላል።

ጥድፊያ_ላይ:
ሎግኢን ሳደርግ የለም፣ ኢንኮግኒቶ ላይ አለ! ልክ እንዳልከው!

ሌሊት_ሠራተኛ:
በይ የካሽ ፕለጊኑን አጽጂ። ሆስቲንጉ ወይም ሲዲኤኑ (ገጹን ከተለያዩ ቦታዎች የሚያቀርበው የሰርቨሮች መረብ) የራሱ ካሽ ካለው እሱንም። ሰው የሚረሳው ይቺን ሁለተኛዋን ነው። ከዚያ መስመሩ ከኢንኮግኒቶም መጥፋቱን እዪ፣ ላይቭ ቴስት አድርጊ፣ «ይፈቀዳል» ሲልሽ ብቻ ጥያቄውን ላኪ። ለዋናው ገጽ አንዴ፣ ለምዝገባው ገጽ አንዴ፣ በቃ። ሌላውን ከዋናው ገጽ በሊንክ እየተከተለ ያገኘዋል። ጉግል የሚያውቀው የቆየ ገጽ ያለው አጋር ካላችሁ፣ ከዚያ አንድ ሊንክ እንዲያስቀምጥላችሁ ለምኑት። ለአዲስ ሳይት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።
ዓርብ ይደርሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

አብሪ_ትል:
ቢንግንም አትርሺው። የዌብማስተር ገጹ ሳይትሽን በቀጥታ ከሰርች ኮንሶል ይወስዳል፣ እንደገና ማረጋገጥ የለም። ኢንዴክስናው የሚባል ነገርም አለ፣ ገጽ ሲቀየር ወዲያው ለቢንግና ለያንዴክስ ያሳውቃል። በ2021 የጀመረ ነው፣ ለዎርድፕረስ ፕለጊን አለው። ጉግል ግን የለበትም።

ቆይ_አስረዱኝ:
ቢንግ የሚጠቀም ሰው አለ እንዴ?

አብሪ_ትል:
ዳክዳክጎም ውጤቱን በብዛት የሚያመጣው ከቢንግ ነው። ሌላው ቢቀር ለአለቃዋ የምታሳየው ነገር ታገኛለች።

ጥድፊያ_ላይ:
ሁለቱንም ካሽ አጸዳሁ። «ይፈቀዳል» አለ!!! ጥያቄውን ላክኩ፣ አድራሻው ቅድሚያ የሚሰጠው ወረፋ ውስጥ ገብቷል ይላል። ስልኬ እየጮኸ ነው፣ እመለሳለሁ።

ድመት404:
ቅዳሜ ሆነ። እህታችን የውሃ ሽታ ሆነች።

አዲስ_ገቢ:
እኔም ይሄው ነው ችግሬ። ግን የኔ ኮዱ ውስጥ ኖኢንዴክስ የሚል የለም፣ በኢንኮግኒቶም አየሁ። ላይቭ ቴስት ግን አለ ይላል። ሳይቱ መጀመሪያ ለሙከራ በሌላ ዶሜይን ነበር።

ሌሊት_ሠራተኛ:
ኮንሶሉ «በኤክስ ሮቦትስ ታግ» ካለህ መልእክቱን የሚልከው ሰርቨሩ ነው፣ በኤችቲቲፒ ሄደሩ፣ ከገጹ ጋር አብሮ በሚላከው የማይታይ መረጃ። የገጹን ኮድ ብታነብ አታገኘውም። ለሙከራ ዶሜይን ተብሎ የተጻፈ መስመር በሰርቨሩ ኮንፊግ ውስጥ አብሮ መጥቶ ይሆናል። የሰርቨሩ ሶፍትዌር አፓቼ ከሆነ ኤችቲአክሰስ የሚባለውን የኮንፊግ ፋይል ክፈት። ካጣኸው ሆስቲንጎቹን ጠይቅ፣ የኮንሶሉን ጽሑፍ ስክሪንሾት አንስተህ ላክላቸው።