«ድረ ገጽ» ወይስ «ገጸ ድር»? ድሩስ የሸረሪት ነው የሸማኔ?

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
ጎንደር ፒያሳ ጽሑፍ በመተየብና ፎቶ ኮፒ በማንሳት የምተዳደር ነኝ። ትናንት ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የስም ካርድ አዘጋጅቼ ናሙናውን ሳሳየው፣ ተራ የሚጠብቁ አንድ ቄስ መነጽራቸውን አስተካክለው በትከሻዬ በኩል አነበቡት። ከስልክ ቁጥሩ በታች «ድረ ገጽ» ብዬ አድራሻውን አስከትያለሁ። «ልጄ፣ ይህ ቃል በጭንቅላቱ ቆሟል፤ ገጸ ድር በይው» አሉኝ። ባለ ካርዱ ተቆጣ። «እንግዳ የማያውቀውን ቃል ለምን ከፍዬ አሳትማለሁ?» ካርዱ ሳይታተም አደረ፤ ባለ ካርዱ ነገ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ የቴክኖሎጂ ዜና አነባለሁ። «ታሪክ በዛሬዋ ቀን» በሚል ዓምድ ሥር፣ ጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሚያዝያ 22 ቀን 1985 ዓ.ም. ድርን (ዌብን) ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም መልቀቁን አነበብኩ። (የጊዮርጊስ ዋዜማ መሆኑ ነው።) ታዲያ በዚያች አጭር ዜና ውስጥ «ድር»፣ «በይነ መረብ» እና «ድረ ገጽ» እየተፈራረቁ መጡብኝ። አንድ ናቸው? ወይስ ጸሐፊው ቃል መደጋገም ሰልችቶት ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ቄሱ እውነታቸውን ነው። በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ ዋናው ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል። ቤተ መንግሥት ማለት የመንግሥት ቤት ነው፤ የቤት መንግሥት የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ገጸ ምድር የምድር ገጽ ነው። በዚሁ ሕግ «ድረ ገጽ» ሲፈታ «የገጽ ድር» ይሆናል። የተፈለገው «የድር ገጽ» ከሆነ ግን ቃሉ «ገጸ ድር» መባል ነበረበት። ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን «ዌብ» (ድር) እና «ፔጅ» (ገጽ) በመጡበት ተራ ደርድሮ የግእዝ ካባ አለበሳቸው፤ ካባው ግን ጌታውን ትቶ ሎሌው ትከሻ ላይ ዋለ።

የማራኪው መምህር፦
የኔታ፣ ሰዋስዉን ተቀብያለሁ፤ በፍርዱ ላይ ግን ይግባኝ አለኝ። በዚያ የስም ካርድ ላይ ያለው አድራሻ የሚወስደው ወደ አንድ ገጽ ብቻ ነው? የክፍሎቹ ዋጋ አንድ ገጽ ነው፣ ፎቶግራፎቹ ሌላ ገጽ ናቸው፣ አልጋ መያዣውም ሦስተኛ ገጽ ነው። እነዚህ ሁሉ በማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ተሳስረዋል። ስለዚህ ነገሩ በእርግጥ የገጾች ድር ነው። ተርጓሚው ሳያስበው ትክክሉን ተናግሯል! አንዱን ገጽ ብቻ ለይተን ስንጠራ «ገጸ ድር» እንበል፤ ሙሉው ግን ድረ ገጽ ሆኖ ይቆይ።

ወደ ዜናው ልመለስ። በይነ መረብና ድር የተለያዩ ናቸው። በይነ መረብ፣ ማለትም ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መንገድ ነው፤ በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዛሬም የምንሠራበትን የመነጋገሪያ ሕግ ይዞ ቆሟል። ድር በዚያ መንገድ ላይ ከሚመላለሱት ጭነቶች አንዱ ነው። ለማስረጃ ያህል፣ ኢሜይል በኮምፒውተሮች መካከል መላክ የጀመረው በ1971 ነው፤ ድር ሊወለድ ሃያ ዓመት ገደማ ሲቀረው። የድር አባት ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን ለሰርን አለቆቹ በጽሑፍ ያቀረበው በ1989 ነበር። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያወጣለት ስም ግን ድር አልነበረም፤ በእኛ ቋንቋ «መረብ» የምንለው ነበር። «ዓለም አቀፍ ድር» ያለው በማግስቱ ዓመት ፕሮግራሙን ሲጽፍ ነው። አንቺን ያደናገረሽ የመረብና የድር መቀላቀል ባለቤቱም ደጅ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

የአዲስ ዓለም ሸማኔ ልጅ፦
ሁላችሁም ሸረሪት እያሰባችሁ እንደምታወሩ ይገባኛል። አባቴ ግን አዲስ ዓለም ውስጥ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው ያሳደገን፤ እኔም «ድር» ሲባል የሚታየኝ በቁመት የተወጠረው ፈትል ነው። ማጉ በመወርወሪያ እየተወረወረ በአግድም ይመጣበታል። ድር ብቻውን ክር ነው፤ ማግ ሲገባበት ነው ሸማ የሚሆነው። ግሱንም አስተውሉ፦ ሸማኔም ድር ያደራል፣ ሸረሪትም ድር ታደራለች። ከሁለቱ ማን ከማን እንደተዋሰ ለእኔ ግልጽ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውንም ብዙ ሰው ለሸረሪት ይሰጠዋል። የሸረሪት ድር ቢያብር ዝንብ ያስር እንደሆነ እንጂ! ፈትል ተገምዶ ገመድ ሲሆን ግን አንበሳው ያስብበት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድም ዓለም፣ ምሳሌያዊ አነጋገር ማጋነን ልማዱ ነው። ደካማው ነገር ሸረሪት ሲሆን ነው አነጋገሩ የሚጣፍጠው። ፈትልማ አንበሳ ቢያስር ምን ይገርማል?

የማራኪው መምህር፦
ለሸማኔው ልጅ አንድ ስንቅ ላቀብል። እንግሊዞች «ዌብ» የሚሉትም ቃል በጥንቱ ፍቺው በሽመና የተሠራ ጨርቅ ነበር፤ ሸረሪቷ ኋላ ነው የወረሰችው። ኮምፒውተር ራሱ ከሽመና ብድር አለበት። ፈረንሳዊው ጃካርድ በ1804 የትኛው ድር ከፍ እንደሚል፣ የትኛው ዝቅ እንደሚል ቀዳዳ ባለባቸው ካርዶች የሚታዘዝ መሸመኛ ሠራ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ የስሌት መኪናውን ሲያቅድ ካርዱን ከዚያ ወሰደ። የሒሳብ ሊቋ አዳ ላቭሌስ በ1843 ስለዚያ መኪና ስትጽፍ፣ የጃካርድ መሸመኛ አበባና ቅጠል እንደሚሸምን ሁሉ ይህም የአልጀብራ ጥለት ይሸምናል ብላለች።

የአዲስ ዓለም ሸማኔ ልጅ፦
ጥለት! አባቴ ጥለት ሲጥል በጣቱ ክር እየቆጠረ ነበር፤ አንዱን ያነሳል፣ ሁለቱን ይዘላል። ካርዱ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። የጥለቱ ሥራ «ጥበብ» መባሉንም እዚህ ላይ አስታውሱልኝ። የፋሲል ግቢም ቢሆን ከ12 በሮቹ አንዱን ለፈታዮች ሰጥቷል።

መስመር ዘርጊው፦
ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የስልክ ሠራተኛ ነኝ። ክር ካነሳችሁ የእኔንም አትርሱ። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ፍቺው ሽቦ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ለሰው ዓይን የሚታየው ሽቦው ነበርና ስሙም ለሽቦው ወጣ። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ በየስልክ እንጨቱ ላይ እየወጣሁ ስልክን በእጄ ነክቻለሁ። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ አገራችን ሲገባ በልቤ ሳቅሁ፤ ስሙ ቢፈታ «ተንቀሳቃሽ ሽቦ» ነዋ። ሽቦው ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። «ስልክ አነሳ» የምንለውም እጀታው ከመንጠቆው ይነሳ ስለነበር ነው፤ ዛሬ የሚነሳ ነገር የለም።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኩም፣ ድሩም፣ መረቡም ክር ሆነው አረፉት! የማይዋጥልኝ «ማስፈንጠሪያ» ብቻ ነው። ቃሉን ባነበብኩ ቁጥር ወንጭፍ ይታየኛል፤ ስጫነው ወዴት ተወርውሬ እንደምወድቅ እፈራለሁ።

የአዲስ ዓለም ሸማኔ ልጅ፦
«ውል» ብንለውስ? የልቃቂቱን ውል ያገኘ ሰው ክሩን ሁሉ ይተረትራል። የማይሠራ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ ውሉ ጠፋ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ውብ ነው፤ ጠበቆች ግን ይከሱሃል። ውል ፈርሙ የተባሉ ይመስላቸዋል።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
ባለ ካርዱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ድረ ገጽ የገጾች ድር መሆኑን፣ ገጸ ድር ግን ለአንድ ገጽ እንደሚሆን፣ ሸማኔውንም ሸረሪቷንም ጨምሬ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና «ቃሉን አውጪው፤ አድራሻው ከታየ ይበቃል» አለኝ። እንዳለው አተምኩት።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ተመልሰው መጡ። «አቃናሽው?» አሉኝ። «ቃሉ ወጣ፣ አባቴ» አልኳቸው። ካርዱን አንስተው ፊቱንም ጀርባውንም አዩት። «እንግዲህ አሁን ስሕተት የለበትም» አሉና ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነስተው ሄዱ።