ቅጠሉ የላላ ኦርኪድ፦ ውሃ ጠማው ወይስ ውሃ በዛበት?

ጥያቄ፦ የፈረንጅ አራዳዋ (ሐምሌ 12)

ጤና ይስጥልኝ፣ ጅማ ነው ያለሁት። ነጭ አበባ ያለው ፋላኖፕሲስ ኦርኪድ ቤት ውስጥ አለኝ። ከአዲስ አበባ ሲመጣ 6 ቅጠል ነበረው፣ አሁን የቀረው 4 ነው። የታችኞቹ ሁለቱ ቢጫ ሆነው ወደቁ፣ የቀሩትም ልል ብለው ተሸብሽበዋል፤ ሲነኩ እንደ ቆዳ ናቸው። ሊፈኩ የደረሱ 3 እንቡጦች ረግፈዋል። የአበባው ዘንግ ግን እስካሁን አረንጓዴ ነው።

የተተከለው ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ቀዳዳ የሌለው ነጭ ሴራሚክ ውስጥ ተቀምጧል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠጣዋለሁ። ቦታው ሳሎን፣ በሰሜን በኩል ያለው መስኮት ላይ፣ ከረከቦቱ አጠገብ ነው። ቅጠሉ ስለላላ ውሃ ልጨምርለት? ዘንጉን ልቁረጠው? ጥቁር አፈር ውስጥ ባዛውረውስ?

መልስ፦ ሥር ፈታሽ

እህቴ፣ ውሃውን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ፣ አፈሩንም እርሺው። ቅጠል የሚላላው ውሃ ስላልደረሰው ነው። ያልደረሰው ግን አንድም ስላላጠጣሽው፣ አንድም የሚጠጣበት ሥር ስለበሰበሰ ነው። ቅጠሉን ብቻ አይቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በሐምሌ፣ በጅማ አየር፣ ቀዳዳ በሌለው ሴራሚክ ውስጥ በሳምንት ሁለት ብርጭቆ ከሆነ ግን እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

ይህ ተክል በመሬት ላይ የሚበቅል አይደለም። በትውልድ አገሩ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የዛፍ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ እዚሁ ጅማ ዙሪያ በቡና ደን ጥላ ዛፎች ላይ እንደሚታዩት ትንንሽ ኦርኪዶች ማለት ነው። ሥሩ ቬላመን የሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን አለው። ዝናብ ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው አየር ነው። ጥቁር አፈር ውስጥ ከገባ ይታፈናል።

ስለዚህ አውጪውና ሥሩን እዪ። መጀመሪያ ፕላስቲኩን ለ10 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ የተተከለበት የዛፍ ቅርፊት ሥሩን በቀላሉ ይለቃል። አሮጌውን ቅርፊት ሁሉ አራግፊ። በተለይ መሀሉን፣ ከግንዱ ሥር ያለውን፣ በጣትሽ ፈትሺ፤ ብዙ ጊዜ ችግኝ ሳለ የተተከለበት ስፖንጅ ወይም ጥቁር ጭቃ መሰል ነገር እዚያው ይቀራል። ዙሪያው ደርቆ ሳለ እሱ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ መበስበሱም የሚነሣው ከዚያ ነው። ቀስ ብለሽ ልቀሚና ጣዪው።

ከዚያ እያንዳንዱን ሥር በሁለት ጣት ያዢና ጫን በዪ። ጠንከር ካለ ሕያው ነው፤ ደረቅ ሲሆን ብርማ ነጭ፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ከተጨፈለቀና ውሃ ከወጣው፣ ወይም ሲጎትቱት ሽፋኑ እንደ ካልሲ ተንሸራቶ ክር ብቻ ከቀረ ሞቷል። አንድ ጥንቃቄ፦ ቢጫ ሆኖ ጠንካራ የሆነውን አትቁረጪ፤ እሱ ብርሃን ያጣ እንጂ የበሰበሰ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ በቀለም ፈርዶ ደኅናውን ሥር ይጥላል።

መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊው ወይም እሳት አስነኪው፣ ከሌላ አበባ ጋር አትጋሪው። የበሰበሰውን ጠንካራው እስከሚጀምርበት ድረስ ቁረጪ። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ የተፈጨ ቀረፋ ነካ አድርጊ፤ ቀረፋ ስለሚያደርቅ ደኅናው ሥር ላይ አይነስነስ። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ወረቀት ላይ አስተኝተሽ ሳይተከል አንድ ሌሊት ይደር። ዘንጉንም ከመነሻው 2 ሴንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ። አረንጓዴ ቢሆንም ሥር የሌለው ተክል አበባ ልሸከም ካለ የቀረችውን ጉልበቱን ይጨርሳል። ስንት ሕያው ሥር እንደቀረና ርዝመቱን ጻፊልን።

መልስ፦ የኮጪ ሰው

እሱ ልክ ነው። መትከያው ግን ጅማ ላይ ምን ያስጨንቃል? የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው ተከምሯል፤ ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

መልስ፦ ከሰልና ቅርፊት

የኮጪው ወንድሜ፣ ገለፈቱን ለጓሮ ጎመንህ አድርገው፤ ለኦርኪድ ግን አይሆንም። ገለፈት ስስ ስለሆነ ሲርስ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ይበሰብስና የአየር መተላለፊያውን ይደፍናል። ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ሻጋታም ይይዛል። ፖታሲየምም ስለሚበዛበት ለተጎዳ ሥር ጨው ይሆንበታል።

ለድብልቁ 3 እጅ የፓይን ቅርፊት፣ 1 እጅ ከሰል፣ 1 እጅ ሬድ አሽ (ለግንባታ የሚሸጠው ቀዳዳማ ቀይ ድንጋይ) ይበቃል። ለአንድ ተክል በሻይ ብርጭቆ መለካት ይቻላል። ሁሉም ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ ይጣል፣ ምክንያቱም ታች ወርዶ ጭቃ የሚሆነው እሱ ነው።

ቅርፊቱን ግንድ ከሚሰነጥቁ ሰዎች ጠይቂ። ወፍራሙን የግንድ ቅርፊት ይስጡሽ። የባሕር ዛፍ ከሆነ ተዪው፣ እንደ ሪባን ተልጦ ስለሚጋደም አየር አያስገባም። ቅርፊቱን 20 ደቂቃ አፍዪው፣ ነፍሳትና የቀንድ አውጣ እንቁላል ይሞታል። ከዚያ 24 ሰዓት ተዘፍዝፎ ይደር፤ ደረቅ ቅርፊት ውሃ አይቀበልም፣ ከላይ ብታፈሺ በጎን ወርዶ ያልቃል። ከሰሉ ሂርማታ ገበያ የሚሸጠው ተራ የእንጨት ከሰል ነው። ላምባ የነካው እንዳይሆን አሽትቺው። ሬድ አሹን ውሃው እስኪጠራ እጠቢ። ቅርፊት ከጠፋ ከሰልና ሬድ አሽ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ውሃው ይዘወተራል።

ለፖቱ ሃይላንድ በቂ ነው። ጠርሙሱን ከወገቡ ቆርጠሽ የታችኛውን ውሰጂ። ምስማር በእሳት አግለሽ ታች 6፣ ጎን ላይ ደግሞ 8 ያህል ቀዳዳ ብሺ። ውስጡን ስለሚያሳይ ሥሩን ሳትነቅዪ ታዪዋለሽ። ስፋቱ የሚለካው በቅጠሉ ሳይሆን በቀረው ሥር ነው፤ ሥሩን ይዞ ዙሪያውን አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ከተረፈው ይበቃል። ሰፊ ፖት መሀሉ አይደርቅም። ስትተክዪ ቅጠሎቹ የሚገናኙበት ቦታ ከድብልቁ በላይ ይቅር። ሥር የሌለው ተክል ስለሚወዛወዝ በቀጭን እንጨት ደግፈሽ በላላ ክር እሰሪው። መወዛወዙ አዲስ የሚወጣውን የሥር ጫፍ ይሰብራል፣ የተሰበረ ጫፍ ደግሞ ከዚያ ነጥብ ወደፊት አያድግም።

መልስ፦ መስኮት ዳር

ስለ ቦታው ማንም አላነሣም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው። ከመጻሕፍት «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኝም» ብሎ የሚያነብ ሰው የሌላ አገር ምክር ነው የሚያነበው። አሁን ደመና ስለሆነ ግድ የለም፤ ደመናው በተገለጠ ቀን ግን ያ መስኮት ቅጠል ያቃጥላል። የምሥራቅ መስኮት ካለሽ እዚያ አድርጊው፣ ከሌለሽ ስስ መጋረጃ ጋርጂበት። እጅሽን ከቅጠሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ያዢ፤ ደብዘዝ ያለ ጥላ ከወደቀ ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጥርት ያለ ጥላ ከወደቀ በዝቷል።

ረከቦቱንም አርቂ። የከሰልና የእጣን ጭስ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለበት፣ ይህ ጋዝ የኦርኪድ እንቡጥ ያረግፋል። የሚበስል ሙዝና አቮካዶም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። እንቡጦቹ የረገፉት በሥሩ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ቡናው አይቅር፣ አበባው ግን ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

ጠያቂዋ (ሐምሌ 14)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አውጥቼ አየሁት፤ መሀሉ ላይ እውነትም ስፖንጅ ነበረበት፣ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። 3 ሥር ተርፏል፦ አንዱ 7፣ ሁለቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከቅጠል መሀል ወደ ውጭ የወጣ አንድ ሥርም አለ፣ እሱ ደኅና ነው። አንዲት ጎረቤቴ ፌስታል አልብሰሽ ቋጥሪው ትለኛለች። ደግሞስ ውሃው መቼ ነው?

መልስ፦ ሥር ፈታሽ

3 ሥር ካለ ተስፋ አለው። ወደ ውጭ የወጣውን ሥር ቅርፊት ውስጥ አታስገቢው፤ አየር የለመደ ሥር ሲቀበር ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል።

ፌስታሉ መሠረት አለው። ሥር ያነሰው ተክል በቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ ይቀንስለታል። ነገር ግን በዚህ ወር የጅማ አየር ራሱ እርጥብ ነው፣ ቋጥረሽ ብትተዪው በሳምንቱ ሻጋታ ነው የምታገኚው። ጉዳዩ በጥር ቢሆን ኖሮ ግልጽ ፌስታል በሁለት እንጨት ደግፈሽ፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እየከፈትሽ አድርጊ እልሽ ነበር። አሁን አያስፈልግም።

ከተከልሽው በኋላ 3 ቀን ውሃ አይንካው፣ ቁስሉ ይድረቅ። ከዚያ ጠዋት ፖቱን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጠሽ፣ ውሃው እስከ ግማሹ ይድረስና 10 ደቂቃ ይቆይ፤ አንሥተሽ አንጠፍጥፊው። ሴራሚኩን ለጌጥ ከፈለግሽው ውስጡ ጠጠር አድርጊበትና ፖቱ ከውሃ በላይ ይቀመጥ። ለቀጣዩ ጊዜ ቀን አትቁጠሪ። ቀጭን ስንጥር መሀሉ ድረስ ከተሽ 10 ደቂቃ ተዪው፤ ሲወጣ ቀዝቃዛና ጠቆር ያለ ከሆነ ጠብቂ፣ ደረቅ ከሆነና በፕላስቲኩ የሚታየው ሥር ብርማ ከሆነ አጠጪ። በክረምት ከ10 እስከ 12 ቀን፣ በበጋ ከ5 እስከ 7 ቀን ይሆናል ብለሽ ገምቺ፤ የሚወስነው ግን ስንጥሩ ነው።

ቅጠሎቹ መሀል ውሃ ከገባ በሶፍት ምጠጪው። እዚያ ያደረ ውሃ መሀሉን ያበሰብሳል። የመሀሉ ቅጠል ጠቁሮ በቀላሉ ከተነቀለ ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ከግንዱ ግርጌ አዲስ ቡቃያ ይሰጣል።

መልስ፦ አሸንዳ

የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ፤ ጨው ስለሌለው ለሥሩ ይሻላል፣ ክረምቱ ደግሞ በነፃ ይሰጣል። ዝናቡ ሲጀምር ቆርቆሮውን የሚያጥበው ውሃ ይፍሰስ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ከአሸንዳው ስር ጀሪካን ደቅኚ። ክዳኑን ግጠሚ፣ አለበለዚያ ትንኝ ይራባበታል። የቧንቧ ውሃም አይገድለውም።

ስለ ማዳበሪያ ሳትጠየቁ ዩሪያ ወይም ዳፕ የምትመክሩ አትጠፉም፤ ተክሏን አታጥፉባት። የዩሪያው ናይትሮጅን በአብዛኛው ለተክል የሚሆነው በአፈር ያሉ ባክቴሪያዎች ከለወጡት በኋላ ነው፤ በከሰልና ቅርፊት ውስጥ እነሱ ጥቂት ናቸው። ዳፕ ደግሞ ለማሳ ነው የተሠራው፣ ፍሬው ሥሩ ላይ ካረፈ ያቃጥለዋል። አዲስ ሥር 3 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ምንም አይሰጠው። ከዚያ በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 ማዳበሪያ (የናይትሮጅን፣ የፎስፎረስና የፖታሲየም ቁጥሩ እኩል የሆነ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ በ4 ሊትር፣ በሁለት ማጠጣት አንዴ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ በደንብ ይታጠብ።

ጠያቂዋ (መስከረም 22)

ተርፏል! አሮጌዎቹ ቅጠሎች እንደተሸበሸቡ ናቸው፣ መሀል ላይ ግን ጠንካራ አዲስ ቅጠል ወጥቷል። አሁን ከታችኛው ቅጠል ሥር አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ሥር ነው ወይስ የአበባ ዘንግ? ዘንግ ከሆነ ልተወው?

መልስ፦ ሥር ፈታሽ

አሮጌዎቹ ላይስተካከሉ ይችላሉ፣ አትቁረጫቸው፤ ውሃና ምግብ ያስቀመጠው እነሱ ውስጥ ነው። መለኪያሽ አዲሱ ቅጠል ነው።

ጫፉን ቀርበሽ እዪው። ክብ፣ ለስላሳና የሚያበራ ሆኖ ከኋላው ብርማ ሽፋን ከተከተለው ሥር ነው። ጠፍጠፍ ብሎ አውራ ጣቱ ብቻ የተለየ የልጅ ጓንት ከመሰለና ወደ ላይ ከታጠፈ ዘንግ ነው። ሥር ከሆነ ምስጋና ነው። ዘንግ ከሆነ ዘንድሮ ከመርዘሙ በፊት ቁረጪው፤ 5 ጠንካራ ሥር እስኪኖረው አበባ አያስፈልገውም።

መልስ፦ መስኮት ዳር

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ማታ ማታ ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሳቢው፣ ቅጠሉ ቀዝቃዛውን መስታወት አይንካ። ያኔ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትዞር የሰሜኑ መስኮት ቀን ቀን ይስማማዋል።