«ቻርጅ» የሚለው ቃል በየደብዳቤው ላይ፦ ክስ ነው፣ ዋጋ ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ ደብዳቤ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ለሚኖሩና እንግሊዝኛ ለማያነቡ አረጋውያን የሚደርሳቸውን ደብዳቤ በአማርኛ አስረዳለሁ። «ቻርጅ» የሚለው ቃል በየወረቀቱ ይመጣል፤ በየወረቀቱ ግን ሌላ ነገር የሚል ይመስላል። አሁን እጄ ላይ ያሉት እነዚህ ናቸው፦

የሆስፒታል ወረቀት፦ «ቶታል ቻርጅስ» ከሚለው ፊት ለፊት 8,400 ዶላር ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ የሚከፈለው 310 ዶላር ነው ይላል።

የብድር ታሪክ ሪፖርት፦ በአንድ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ላይ «ቻርጅድ ኦፍ» ይላል። ባለቤቱ ዕዳው የተሰረዘላቸው መስሏቸዋል።

የዜግነት ማመልከቻ፦ ተይዘው፣ «ቻርጅድ» ተደርገው ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ከቀዶ ጥገና በኋላ የተሰጠ ወረቀት፦ «ዲስቻርጅ» ሁለት ቦታ ላይ አለ፤ ሁለቱ አንድ አይመስሉኝም።

ለየአንዳንዳቸው ምን ልበል? የምለይበት መንገድስ አለ?

መልስ፦ ነገረ ፈጅ

ከዜግነት ቅጹ እንጀምር፤ የከፋ መዘዝ ያለው እሱ ነው። እዚያ ላይ ቃሉ የወንጀል ክስን ነው የሚመለከተው። ሽማግሌውን ግን «ተከሰው ያውቃሉ?» ብለህ ብቻ እንዳትጠይቃቸው። በእኛ ቋንቋ ጎረቤት በድንበር ቢከስ፣ ሚስት በፍቺ ብትከስ፣ ዐቃቤ ሕግ በስርቆት ቢከስ ሁሉም ክስ ነው። እንግሊዝኛው የፍትሐ ብሔሩን «ሱት»፣ የወንጀሉን «ቻርጅ» ብሎ ይለያቸዋል። በውርስ መሬት ወረዳ ፍርድ ቤት ተከሰው የቆሙ ሰው «አዎ» ካሉ፣ ያልነበረ የወንጀል ታሪክ በፊርማቸው ይሰፍራል።

በተቃራኒውም ይሳሳታሉ። ክሱ ስለተቋረጠ ወይም በነጻ ስለተሰናበቱ «የለም» የሚሉ አሉ። የዜግነት ማመልከቻው (ኤን 400 ቅጽ) የሚጠይቀው ስለ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ መዝገቡ የተዘጋ ወይም የተሰረዘ ቢሆንም መነገር አለበት። ስለዚህ ጥያቄውን ከፋፍለህ አቅርብ፦ ፖሊስ ይዞዎት ያውቃል? የቅጣት ወይም የመጥሪያ ወረቀት ተሰጥቶዎት ያውቃል? ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክስ መሥርቶብዎት ያውቃል? ጥፋተኛ ተብለው ተፈርዶብዎት ያውቃል? ለአንዱም ቢሆን መልሱ «አዎ» ከሆነ ቅጹ ከመላኩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። አገር ቤት የደረሰም ይቆጠራል፤ ጥያቄው አሜሪካ ውስጥ በሆነው ብቻ አይወሰንም።

አንድ ልጨምር። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ በሚያዘው ማስታወቂያ ላይም «ቻርጅ» ይገኛል። የዚያ ሂደት የፍትሐ ብሔር ነው፣ የወንጀል አይደለም። «መንግሥት ከአገር እንዲወጡ የሚጠይቅበት የሕግ ምክንያት» ብትል ትክክል ነው። «የወንጀል ክስ ቀርቦብዎታል» ማለት ሰውን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

መልስ፦ ሒሳብ ሹም

«ቻርጅድ ኦፍ» ስረዛ አይደለም! ይህን ዛሬውኑ ንገራቸው። ክሬዲት ካርድ አብዛኛውን ጊዜ 180 ቀን ሳይከፈልበት ሲቆይ ባንኩ ገንዘቡን በራሱ መዝገብ ላይ እንደ ኪሳራ ይጽፈዋል። ያ የባንኩ የሒሳብ አያያዝ ነው፤ የተበዳሪው ዕዳ እንዳለ ነው። «ባንኩ በኪሳራ የመዘገበው፣ ያልተሰረዘ ዕዳ» በለው።

ሪፖርቱን ስታነብ ቀሪ ሒሳብ የሚለውን ዓምድ ተመልከት። ዜሮ ሆኖ አጠገቡ «ተሸጧል» ወይም «ተላልፏል» ካለ ዕዳውን ሰብሳቢ ድርጅት ገዝቶታል ማለት ነውና ባለገንዘቡ ተለውጧል። ምልክቱ ሪፖርቱ ላይ የሚቆየው 7 ዓመት ያህል ነው። የሚቆጠረውም ወደዚህ ካደረሰው የመጀመሪያ ያልተከፈለ ወር አንሥቶ እንጂ ዕዳው ከተሸጠበት ቀን አይደለም። ሰብሳቢ ሲደውል «ለጊዜው 20 ዶላር ብቻ ላኩ» ካለ አይቸኩሉ፤ በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ እንኳ ይርጋውን (በዕዳው መክሰስ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ) እንደ አዲስ ሊያስጀምር ይችላል። አስቀድመው ዕዳው የማን እንደሆነና መጠኑን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ዕዳን በእውነት የሚያነሣው፣ ተበዳሪው መክፈል አልቻልኩም ብሎ በሚያመለክትበት የኪሳራ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው «ዲስቻርጅ» የተባለው ትእዛዝ ነው። አበዳሪው ራሱ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲምር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 1099 ሲ የተባለ የግብር ወረቀት ይልካል። ያ ከመጣ አትጣሉት፤ የተማረው ገንዘብ እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል።

የሆስፒታሉ 8,400 ዶላር ሆስፒታሉ በራሱ ዋጋ ዝርዝር ያስቀመጠው ሙሉ ዋጋ ነው። ቅናሹና መድን የከፈለው ከዚያ ላይ ይነሣና የታካሚው ድርሻ 310 ዶላር ይቀራል። የመጀመሪያውን «ሙሉ ዋጋ»፣ የመጨረሻውን ብቻ «የሚከፍሉት» በል። 310 ዶላሩም ከከበዳቸው፣ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነ የገንዘብ እርዳታ መርሐ ግብር እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። ታካሚው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ሒሳብ ከተላከበት ቀን አንሥቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

ስለ ቀዶ ጥገናው ወረቀት፦ ርእሱ ላይ ያለው «ዲስቻርጅ» ከሆስፒታል መውጣት ነው፤ ወረቀቱም ሲወጡ የሚሰጥ መመሪያ ነው። ወደ ታች «ከኢንሲዥኑ ዲስቻርጅ ካዩ ይደውሉ» የሚለው ግን ከተሰፋው ቁስል የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ከቀዶ ጥገናው ሲወጡ ይደውሉ» ብሎ መተርጎም አደገኛ ነው፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ማንም አይደውልም።

ፈሳሽ ሲሆን የአካሉን ክፍል እየለየህ ተናገር። ለቁስልና ለጆሮ መግል ወይም ፈሳሽ፣ ለዓይን ዓይናር፣ ለሴቶች ከማኅፀን የሚወጣ ፈሳሽ። ቀለሙን፣ ሽታውንና ብዛቱን ጠይቀህ ለሐኪሙ አስተላልፍ። እናቶች ፊትህ ስለ ማኅፀን ፈሳሽ ለመናገር ካፈሩ ሴት አስተርጓሚ ይጠየቅላቸው።

«ቻርጅ ነርስ» የሚባለው ገንዘብ የሚቀበል ሰው አይደለም፤ የፈረቃው ነርሶች ኃላፊ ነው። ቅሬታ ሲኖር የሚጠራው እሱ ነው።

መልስ፦ የቃል ሠራተኛ

መለያ ለጠየቅከው፦ ቃሉን ብቻውን አትመልከት፤ ከጎኑ የተቀመጠችውን ትንሽ ቃል እይ። «ፎር» ከተከተለው ገንዘብ ነው፦ ማስከፈል። «ዊዝ» ከተከተለው አብዛኛውን ጊዜ የወንጀል ክስ ነው። «ኢን ቻርጅ ኦፍ» ኃላፊ፣ አዛዥ መሆን ነው። በመካከሉ «ዘ» ገብታ «ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በሌላ ሰው ጥበቃ ሥር መሆን ነው። «ልጁ ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ አክስቱ ነው» ሲል ልጁ አክስቱ ዘንድ ነው ያለው፤ አክስቱን አያዝም። የማሳደግ መብት ጉዳይ ላይ ይህች «ዘ» ዋጋ አላት።

«ኖ ቻርጅ» ደግሞ ቦታው ይወስነዋል። የክሊኒክ ደረሰኝ ላይ በነጻ ነው፤ ስለ ስልክ ከሆነ ባትሪው አልቋል።

መልስ፦ ነገረ ፈጅ

«ዊዝ» ላይ አንድ ማስተካከያ። «ኮሚቴው የቤት ኪራይ ማመልከቻዎችን በመመርመር ቻርጅድ ነው» ዓይነት ዓረፍተ ነገር በከተማ አስተዳደር ደብዳቤዎች ላይ ብዙ ጊዜ አለ። በእንግሊዝኛው እዚያም ከ«ቻርጅድ» ቀጥሎ «ዊዝ» አለች፤ ክስ ግን የለም። ኮሚቴው ሥራው ተሰጥቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ከ«ዊዝ» በኋላ የመጣው ነገር ጥፋት ነው ወይስ ሥራ ብለህ ጠይቅ። ጥፋት ከሆነ ተከሷል፤ ሥራ ከሆነ ኃላፊነት ተጥሎበታል።

ጠያቂው፦ ደብዳቤ አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛው፣ እኚሁ ሽማግሌ በካርዳቸው ላይ የማያውቁት «ቻርጅ» አይተዋል። ሁለተኛው ደግሞ ማቀዝቀዣቸው ጀርባ ላይ «ቻርጅ 52 ግራም» የሚል አለ። ኤሌክትሪክ በግራም ይለካል እንዴ?

መልስ፦ ሒሳብ ሹም

የካርዱ «ቻርጅ» በካርዱ ላይ የተመዘገበ ወጪ ነው። «ፔንዲንግ» የሚል ካለበት ገና አልጸናም፤ ነዳጅ ማደያና ሆቴል ለጊዜው ይይዙና ይለቁታል። የጸና ከሆነ ለባንኩ ይደውሉ፤ ከዚያም ወጪው የታየበት የመጀመሪያ የሒሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ የሚደርስ ደብዳቤ ይጻፉ። ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት ሳይሆን ለሒሳብ ጥያቄ ተብሎ በመግለጫው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ነው። ይህ ለክሬዲት ካርድ ነው፤ ዴቢት ካርድ ከሆነ ሕጉም ጊዜውም ሌላ ስለሆነ በዚያው ቀን ይደውሉ።

መልስ፦ የፍሪጅ ባለሙያ

ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ጋዙ ነው። ከግራሙ አጠገብ አር 600ኤ ወይም አር 134ኤ የሚል ይኖራል፤ ፋብሪካው የሞላው የጋዝ ዓይነትና ክብደት ነው። የኤሌክትሪኩ በቮልትና በአምፔር ወይም በዋት ለብቻው ተጽፏል። ቁጥሩ ለጠጋኙ ነው፤ ሽማግሌው ምንም ማድረግ የለባቸውም። ግን ጋዝ ሊሞላ የመጣ ሰው ዲጂታል ሚዛን ካልያዘ አያስነኩት። በ52 ግራም ላይ 10 ግራም ስህተት ብዙ ነው። ሲበዛ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ቱቦ በረዶ ይይዛል፣ ፈሳሽ ገብቶም ኮምፕሬሰሩን ሊሰብረው ይችላል። ሲያንስ ደግሞ ማቀዝቀዣው ክፍል በከፊል ብቻ በረዶ ይይዛል፣ ሞተሩም አያርፍም። አር 600ኤ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሆነ መስኮት ሳይከፈትና ጋዙ ከቱቦው ሳይወጣ በእሳት መበየድ ክልክል ነው። መለያው አር 600ኤ እያለ «134 ልሙላልዎ» የሚል ከመጣ ይመልሱት።